ቮልስዋገንና ሲትሮየን ዲ.ኤስ. ለአስመጪ ነጋዴ የሚሰጡት ትምህርት

ከውጭ አገር ኦቶሞቢል አስመጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ዋናው ጥያቄ የመኪናው ፍጥነት ወይም የመልኩ ማማር ሳይሆን፥ ከተሸጠ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፥ ዕቃውስ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ይህ አሳብ በቃል ሲነገር የሚቃወመው ሰው አይገኝም፤ ዕቃ ለማዘዝ ወረቀት በሚፈረምበት ሰዓት ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ነገሩን በግልጽ ለመረዳት የሚሻ ነጋዴ፥ በአንድ ዘመን በአውሮጳ ይሠሩ የነበሩትን፥ በዋጋም በጠባይም በአሠራርም እጅግ የሚራራቁትን ሁለት መኪናዎች ታሪክ ቢመረምር ይጠቀማል። አንደኛው በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው የጀርመኑ ቮልስዋገን ነው፤ ሁለተኛው የፈረንሳዩ ሲትሮየን ዲ.ኤስ. ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ቮልስዋገን በተፈጠረበት ጊዜ መልካም ዕድል አልገጠመውም። ንድፉ በፈርዲናንድ ፖርሸ መሪነት በ1930ዎቹ ዓመታት ተሠርቶ፥ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ በግንቦት ወር 1938 ቢጣልም፥ ወዲያው ጦርነቱ ስለ ተነሣ ፋብሪካው ለጦር ሥራ ዋለ። መኪናውን አገኛለሁ ብሎ በየሳምንቱ ቴምብር እየገዛ ገንዘቡን ያጠራቀመው የጀርመን ሠራተኛም ገንዘቡ ቀልጦ ቀረ፤ መኪናውን ያገኘ አንድ ስንኳ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ሻለቃ አይቫን ሂርስት የተባሉት የእንግሊዝ ጦር መኮንን የፋብሪካውን ፍርስራሽ አስጠርገው ሥራውን አስጀመሩ። ከእንግሊዝ አገር የመጡት የኦቶሞቢል ዐዋቂዎች ግን መኪናውን መርምረው ለገበያ የሚሆን አይደለም በማለት ትተውት ሄዱ። በዚያን ጊዜ ይህን ፋብሪካ በነጻ ውሰዱ ቢባሉ እንኳ እሺ የሚሉ ብዙዎች አልነበሩም።

በጥር ወር 1948 ፋብሪካውን የተረከቡት ሄይንሪሽ ኖርድሆፍ ቀድሞ በኦፔል ኩባንያ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው የመኪናውን መልክ ለመለወጥ አልቸኮሉም፤ ይልቁንም የሻጩን አሠራር ለወጡት። ቮልስዋገን ሊሸጥ የሚፈልግ ወኪል አስቀድሞ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘንና የሠለጠነ መካኒክ ያለው ጋራዥ እንዲያቋቁም፥ ይህን ካላደረገ ግን መኪና እንዳይላክለት የሚል ደንብ ያዙ። ይህ ደንብ በጊዜው የብዙ ወኪሎችን ፊት ያስጠቆረ ነገር ነበር፤ ገና አንድ መኪና ሳይሸጥ በቡሎንና በካንዴላ ላይ ገንዘብ ማሰር ለነጋዴ ከባድ ነውና።

የውጭ ንግዱ አጀማመር በራሱ ለአስመጪዎች የሚያስደስት ታሪክ ነው። በ1947 ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ ነጋዴ አምስት መኪናዎች ገዝቶ ወደ አገሩ ወሰደ፤ የቮልስዋገን ኤክስፖርት የሚባለው ሁሉ የተጀመረው በእነዚያ በአምስቱ ነው። ይኸው ነጋዴ በ1949 አንዱን በመርከብ ጭኖ ወደ ኒው ዮርክ ቢሻገር፥ ገበያው ፊቱን አዞረበት፤ በዚያ ዓመት በአሜሪካ አገር በሙሉ የተሸጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1968 ግን እዚያው አሜሪካ በአንድ ዓመት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሸጠ። በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል መኪናው በመልኩ የተለየ አልሆነም። የተለየው በየከተማው ጋራዡና የዕቃ መደብሩ መከፈቱ ነው።

ስለ መኪናው አሠራር ስንኳ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚበርደውም በነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፥ ውሃ አይጠጣም፥ አይፈላም፥ በብርድ አገርም አይረጋም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ዋና ቡሎኖች ብቻ በመሆናቸው፥ ሁለት ሰዎች በአንድ ክሪክ ረዳትነት አውርደው መሬት ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ፓራፋንጎዎቹ እያንዳንዳቸው በቡሎን የታሠሩ ናቸውና አንዱ ቢጨፈለቅ አንዱን ብቻ ለውጦ መሄድ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የቤንዚን መለኪያ እንኳ አልነበረውም፤ ቤንዚን ሲያልቅ ነጂው በእግሩ ትንሽ መዘውር አዙሮ ከሰልባትዮው ሥር የቀረውን መጠባበቂያ ይከፍት ነበር። በኋላም የመስተዋቱን ማጠቢያ ውሃ የሚገፋው ከስኮርታ ጎማው የሚወሰድ አየር እንዲሆን ተደረገ። ንፉግነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም የሌለ ዕቃ አይበላሽም፥ ሱቅም አያስኬድም።

ይህ መኪና በ1954፥ በ1957ና በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። በጭቃና በአቧራ ተፈትኖ ማለፉን ለማስረዳት ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አይገኝም። በነሐሴ ወር 1955 አንድ ሚሊዮነኛው ተሠራ፤ በየካቲት ወር 1972 ከ15 ሚሊዮን አልፎ የአሜሪካውን ፎርድ ሞዴል ቲን በለጠ፤ የመጨረሻው በሐምሌ ወር 2003 በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ሲወጣ ጠቅላላው ቍጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ሲትሮየን ዲ.ኤስ. ደግሞ ፍጹም ሌላ ፍጥረት ነው። በጥቅምት ወር 1955 በፓሪስ የኦቶሞቢል ኤግዚቢሽን መጋረጃው ሲገለጥ፥ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ 743 ሰዎች ትእዛዝ ሰጡ፤ በዚያው ቀን ማታ የትእዛዙ ቍጥር 12,000 ደረሰ። በኦቶሞቢል ንግድ ታሪክ እንዲህ ያለ የመክፈቻ ቀን ከዚያ በፊት አልታየም። ዲ እና ኤስ የሚባሉት ሁለት ፊደላት በፈረንሳይኛ ተያይዘው ሲነበቡ «ሴት አምላክ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ አላቸው፤ ፈረንሳዮችም ስሙን ወደዱት። መልኩን የቀረጸው ፍላሚኒዮ ቤርቶኒ የተባለ የጣሊያን ተወላጅ፥ ሐውልት ሠሪም የነበረ ሰው ነው። የኢንጂኒየሪንጉን ሥራ የመራው አንድሬ ለፌቭር ሲሆን፥ የፈሳሹንና የጋዙን አሠራር ያወጣው ፖል ማጌስ ነው።

የመኪናው ምስጢር በዚህ በመጨረሻው ሰው ሥራ ውስጥ ይገኛል። ዲ.ኤስ. ባሌስትራ የለውም። በየጎማው አጠገብ አንዳንድ የብረት ኳስ አለ፤ በኳሱ ውስጥ ናይትሮጂን የሚባለው ጋዝ ከአንድ ወገን፥ ፈሳሽ ከሌላው ወገን፥ በመካከላቸውም የላስቲክ መጋረጃ አለ። በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት እየላከ መኪናውን ከመሬት ያነሣዋል። መንገዱ ሲከፋ ነጂው አንድ መዘውር አዙሮ መኪናውን ከፍ ያደርጋል፤ ሞተሩ ሲጠፋም መኪናው እንደ ግመል ቀስ እያለ ይንበረከካል። ጎማ ለመለወጥ ክሪክ አያስፈልገውም፤ መኪናው ራሱን ያነሣና መደገፊያ ይገባለታል። የኋላው ፓራፋንጎ በአንድ ቡሎን ብቻ የሚወልቅ መሆኑን ያየ ሰው፥ ሠሪዎቹ የጠጋኙንም ድካም ፈጽመው አልረሱም ይላል።

ነገር ግን ያው አንዱ ፓምፕ የሚያገለግለው ለመደገፊያው ብቻ አልነበረም። ፍሬኑም፥ መሪውም፥ ፍሪሲዮኑም፥ ማርሽ መለወጫውም የሚሠሩት በዚያው ፈሳሽ ነው። በመሆኑም አንዲት ቱቦ ስትተነፍስ የሚታመመው መላው መኪና ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሸጡት መኪናዎች ብዙዎቹ ያፈሱ ነበር። ፋብሪካው አዲሱን ሥራ ከተወዳዳሪዎች ለመደበቅ ምስጢሩን አጥብቆ ስለ ጠበቀ፥ ብዙዎቹ የወኪል መካኒኮች አሠራሩን የተማሩት መኪናው ደንበኛው እጅ ገብቶ፥ ተበላሽቶ፥ ተጎትቶ ከመጣ በኋላ ነው። መኪናውን ያዘዘ 12,000 ሰው ነበር፤ ሊጠግነው የሚችለው ግን ከፓሪስ ራቅ ባለ ቍጥር እያነሰ ሄደ። የሲትሮየን ጥፋት በመኪናው ሥራ ላይ ሳይሆን በዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ፍርድ ማስረጃው የፈሳሹ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ የሚሠራበት ቀዩ ፈሳሽ እርጥበት ከአየር እየሳበ ብረቱን ከውስጥ ያዝግ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ፋብሪካው ከማዕድን ዘይት የተሠራ አረንጓዴ ፈሳሽ አወጣ፤ ዝገቱም በእጅጉ ቀነሰ። መካኒኮቹም በዚያን ጊዜ ሥራውን ለምደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዲ.ኤስ. በትክክል ለያዘው ሰው የሚታመን መኪና ሆነ። ሆኖም ቀዩን ፈሳሽ በአረንጓዴው መኪና ላይ፥ ወይም አረንጓዴውን በቀዩ ላይ የጨመረ መካኒክ በአንድ ቀን ስሕተት ላስቲኩን ሁሉ ያበላሸዋል። አንድ ባለሱቅ ሁለቱን ጣሳዎች ለይቶ ማስቀመጥ አለማወቁ አንድን ውድ መኪና ሊገድል ይችል ነበር ማለት ነው። ለቮልስዋገን እንዲህ ያለ አደጋ የለም።

የሽያጩ ውጤት ይህንኑ ያሳያል። ዲ.ኤስ. ከ1955 እስከ 1975 በጠቅላላው 1,455,746 ተሠርቷል። ይህ ለእንደዚህ ያለ መኪና ትንሽ ቍጥር አይደለም፤ የሞንቴ ካርሎንም ውድድር በ1959ና በ1966 ይኸው ዘር አሸንፏል። አሜሪካ ውስጥ ግን በአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል የተሸጠው 38,000 ገደማ ብቻ ነው። ቮልስዋገን በዚያው ገበያ ይህን ያህል በጥቂት ሳምንታት ይሸጥ ነበር። የአሜሪካ ሀብታም ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ በየመንገዱ ዳር ያለው ጋራዥ የዲ.ኤስ.ን ኮፈን ከፍቶ ባየ ጊዜ መልሶ ስለሚዘጋው እንጂ።

ከዚህ ተነሥቶ፥ እንግዲያውስ ነጋዴ ቀላሉንና የተለመደውን ብቻ ያምጣ የሚል ሰው ይኖራል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። የዲ.ኤስ. የፊት ጎማዎች የዲስክ ፍሬን በዚያን ጊዜ ለተራ ሰው በሚሠራ መኪና ላይ እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬ ያለርሱ የሚሠራ መኪና የለም ማለት ይቻላል። ቀላሉን ነገር ብቻ ይዞ መቆየትም የራሱ ኪሳራ አለው። ቮልስዋገን በአንድ መኪና ላይ ተደግፎ እጅግ ረጅም ጊዜ ስለ ቆየ፥ ኖርድሆፍ በ1968 ከሞቱ በኋላ ፋብሪካው ወደ ጭንቅ ገባ፤ በ1974ም ከባድ ኪሳራ አወጀ። ያዳነው በዚያው ዓመት ያወጣው፥ ሞተሩ ከፊት የሆነና በውሃ የሚበርድ ጎልፍ የሚባለው መኪና ነው። የሚያስገርመው ግን ሲትሮየንም የወደቀው በዚያው በ1974 ሲሆን፥ ፔዦ ገብቶ ተረከበው። አንዱ ከመለወጥ በመዘግየቱ፥ ሌላው በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር በመጀመሩ በአንድ ዓመት ከአንድ ገደል አፋፍ ደረሱ።

ስለ ሲትሮየን ሌላ አንድ ነገር መነገር ይኖርበታል፤ ነጋዴን በቀጥታ የሚመለከት ነውና። ይህ ፋብሪካ በ1973 ጂ.ኤስ. ቢሮቶር የተባለ፥ በሚሽከረከር ፒስተን የሚሠራ መኪና አወጣ። የነዳጅ ዋጋ በናረበት ወራት የወጣ ቤንዚን አባካኝ መኪና ስለ ነበር 847 ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ከዚያም ፋብሪካው ለእነዚህ ጥቂት መኪናዎች መለዋወጫ እያቀረበ ለመኖር ስላልፈለገ፥ ከገዢዎቹ መልሶ እየገዛ ማፈራረስ ጀመረ። አድራጎቱ ለሲትሮየን ውርደት መስሎ ቢታይም፥ ዕቃ ማቅረብ እንደማይችል ዐውቆ የደንበኛውን ገንዘብ የመለሰ ሻጭ፥ ሸጦ ከጠፋው ሻጭ ይሻላል። ይህን የሚያደርግ አስመጪ በየትም አገር ብዙ አይገኝም።

ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ዛሬ ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በጥር ወር 2024 (ጥር 2016 ዓ.ም.) መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያም በፊት በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፥ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ የሚያደርግ መመሪያ ወጥቶ ነበር። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ ነው፥ ኤሌክትሪኩ ግን ከወንዞቿ ይገኛል። ጥያቄው ያለው በነጋዴው በኩል ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከቻይና ገበያ የመጡ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ያለ ፋብሪካው ወኪልነት በግለሰብ ነጋዴዎች አምስት አምስት፥ አሥር አሥር እየሆኑ የገቡ አሉ።

የኤሌክትሪክ መኪናውን ሞተር ብቻ ያየ ሰው ይህ ቮልስ ነው ይላል፤ ካንዴላ የለ፥ ዘይት የለ፥ ራሱ ሞተሩ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ በጣት የሚቈጠር ነው። ባትሪውንና ኮምፒዩተሩን ያየ ግን ይህስ ዲ.ኤስ. ነው ማለቱ አይቀርም። ፍሬኑንም፥ ባትሪ መሙያውንም፥ በሩንም፥ መብራቱንም የሚያዝዘው እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ ሥርዓት ነው፤ እንደ ፈረንሳዩ ፓምፕ አንዱ ሲታመም ሌላው ይታመማል። ሕመሙን ለማወቅ የመካኒክ ጆሮ አይበቃም፤ የፋብሪካው መመርመሪያ መሣሪያና ፈቃድ ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጽሑፉ በቻይንኛ፥ የኮምፒዩተሩ ፕሮግራምም ለዚያው አገር የተዘጋጀ በመሆኑ፥ ገዢው ብቻ ሳይሆን ጠጋኙም ይቸገራል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ባትሪ ያልሠለጠነ ሰው ቢነካው ደግሞ የሚመጣው ጉዳት የሕይወት ነው።

የመለዋወጫ ባለሱቆችስ? ቮልስ ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ ሀብቱ በመደርደሪያው ላይ ያለው ብቻ አይደለም፤ የየትኛው ዓመት ዕቃ ለየትኛው ዓመት እንደሚሆን በቃሉ የያዘው ዕውቀት ነው። መኪናው ከዓመት ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሻሻል ይህ ዕውቀት ሠላሳ ዓመት ያበላ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴል ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ይለወጣል፤ የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይገባም፤ ዛሬ የተከማቸ ዕቃ ከነገ ወዲያ ገዢ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሱቁ ለብቻው ይህን አደጋ ይሸከም ማለት አይገባም። ይልቁንም በሐምሌ ወር 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዕቃ አስቀድሞ አምጥቶ ማስቀመጥ የሚጠይቀው ብር በጣም ከፍ ብሏል።

መድኃኒቱ የኖርድሆፍ ደንብ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ፋብሪካ ትእዛዝ ሳይሆን በነጋዴዎች ስምምነት የሚፈጸም መሆን አለበት። አንድ ዓይነት መኪና የሚያስመጡ ትናንሽ ነጋዴዎች ተባብረው አንድ የዕቃ መጋዘንና አንድ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ቢያቋቁሙ፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ የሚከብድ አይሆንም። የመካኒኮቹን ትምህርት በሚመለከት የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የሚጎድላቸው የሚማሩበት መኪናና ባትሪ ስለሆነ፥ በአደጋ የተጎዱትን መኪናዎች ለትምህርት መስጠት ለአስመጪው ብዙ አያስከፍለውም። ዋስትናውም በአማርኛ ተጽፎ፥ ባትሪው ለስንት ዓመትና ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያገለግል፥ ሲጐድልም ማን እንደሚከፍል ተለይቶ ለገዢው ሊሰጠው ይገባል። ይህን የማያደርግ አስመጪ በአሥር መኪና የሚያገኘው ትርፍ ምንም ያህል ቢሆን፥ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ታማኝ ነጋዴ ገበያ ይጐዳል፤ የተከፋ ገዢ የሚናገረው ስለ ዓይነቱ ሁሉ እንጂ ስለ አንዱ ሱቅ አይደለምና።

ይህ አሳብ ገንዘብ ያስራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ የታወቀ ነው። እውነት ነው፥ ያስራል። በ1950ዎቹም የቮልስዋገን ወኪሎች ይህንኑ ብለው አጉረምርመው ነበር። ስለዚህ የመለዋወጫው ዋጋ እንደ ተጨማሪ ወጪ ሳይሆን ከመጀመሪያው በመኪናው ዋጋ ውስጥ ገብቶ መታሰብ አለበት፤ ባንክም የውጭ ምንዛሪ ሲጠየቅ የመኪናውና የዕቃው ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ቢቀርብለት ለመፍቀድ ይቀለዋል። ምን ያህል ዕቃ ለምን ያህል መኪና ይበቃል የሚለውን መጠን፥ በየዓይነቱ የሚያስመጡት ነጋዴዎች ከመካኒኮችና ከባለሱቆች ጋር ተቀምጠው፥ የሚቀጥለው ጭነት ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት ሊወስኑት ይገባል።